እማዬ፣ የባናውን ነገር ስሚኝ

እማዬ፣ እንዴት ከረምሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ደብረ ብርሃን ውርጩ ብሷል፣ ጠዋት ጠዋት ባልዲ ውስጥ ያደረ ውሃ በረዶ ሆኖ ነው የምናገኘው። ግን መንዝ፣ መሐል ሜዳ ላለ ሰው ይሄ ምን ይወራል።

በስልክ ልነግርሽ አስቤ ነበር። የወንድምጋሼ ስም ሲነሳ ግን አንቺ ታለቅሻለሽ፣ እኔም አብሬሽ አለቅሳለሁ፣ ኔትወርኩም ይቋረጣል፣ ነገሩ ሳይነገር ይቀራል። ስለዚህ በቴሌግራም ጻፍኩልሽ፤ የእህቴ ልጅ ታንብብልሽ። አንቺ ልጅ፣ ቀስ ብለሽ አንብቢላት። ከበዳት ብለሽ የምትዘይው መስመር እንዳይኖር!

ቁርስ ቤቴ ግድግዳ ላይ ያለውን የወንድምጋሼን ፎቶ ታውቂዋለሽ፣ ያ ብር ሸለቆ ሥልጠና ሲጨርስ የተነሳው፣ ኮፍያው ጆሮው ላይ የወረደው። ባለፈው ሰሞን አንድ የሚያነክስ ሰው ገባ። ፍርፍር አዘዘ፣ አልበላም። ፎቶው ላይ አፍጥጦ ቀረ። ሒሳብ ልቀበል ስጠጋ «ይሄ መንዜው አይደለም እንዴ?» አለኝ። እግሬ ከዳኝ፤ ትሪዬን እንደያዝኩ አጠገቡ ቁጭ አልኩ።

ሰውየው የቡልጋ ልጅ ነው። በኤርትራው ጦርነት ጾሮና ግንባር አንድ ምሽግ ውስጥ ነበሩ። እዚያ ስሙን የሚጠራው የለም፣ ሁሉም «መንዜው» ነበር የሚለው። መቼም ቡልጋና መንዝ ሲገናኙ ታውቂዋለሽ፣ ሲተራረቡ መዋል ነው። ግን የሚሰዳደቡትም እነሱ፣ ቆሎ የሚካፈሉትም እነሱ። የላክሽው በሶም ደርሶታል እማዬ። ስንት ዓመት ሙሉ «ደርሶት ይሆን?» ስትይ ነበር። በኮዳ በጥብጠው፣ ተቀባብለው ጠጥተውታል።

ባናውንስ ታስታውሻለሽ? ምን ጥያቄ ነው ይሄ፣ የበጉን ጠጉር አንቺ ፈትለሽ አባባ የሠራውን ብርድ ልብስ! ሲሄድ «ቆላ ነው የምሄደው፣ ምን ያደርግልኛል» እያለ ሲከራከርሽ በግድ አሸከምሽው። እውነቱን ነበር፣ ቆላ ነው። ሰውየው ይሄን የነገረኝ እየሳቀ ነው፤ የመንዝ ልጅ ከጥይቱ ይልቅ ሙቀቱ ነበር ያንገፈገፈው፣ «ጥይቱስ ይሁን፣ ይሄን ፀሐይ ማን ፈረደብኝ» ይል ነበር አለኝ። ባናውን ግን አልጣለውም። ቀን ቀን አራት እንጨት ተክለው ምሽጉ ላይ ይወጥሩትና ከሥሩ በተራ በተራ ይተኛሉ። ማታ ማታ እሱ ይለብሰዋል። ምሽጉን በግ በግ አሸተትከው ብለው ይሰድቡታል፣ ጥላው ላይ ግን ይሻማሉ።

አሁን ከባዱ ጋ ደረስኩ። ውሃ ጠጪና ስሚኝ።

በ1991 ደብረ ዘይትና የመጋቢት አቦ በአንድ እሑድ ገጥመው ነበር። ሰውየው ቀኑን የያዘው በዚህ ነው። ውጊያው የተፋፋመው በዚያ ሰሞን ነው። በማግስቱ፣ ሰኞ መጋቢት 6፣ ወንድምጋሼ ሆዱን ተመታ። ሜዳ ላይ አልቀረም እማዬ። ሁለት ሆነው እየጎተቱ ወደ ወገን ምሽግ መለሱት፤ ሰውየው እግሩን የተመታው ያኔ ነው። ብዙ አልቆየም፣ ሳይመሽ አረፈ። ውሃ ጠይቋል፣ ሰጥተውታል። አንቺን ጠርቶ እንደሆነ ጠየቅኩት፣ «አልሰማሁም» አለኝ። ጠርቶሻል ቢለኝ ደስ ይለኝ ነበር፣ ማን ያጣራበታል? ሌላውንም ሁሉ ያመንኩት ይሄን ስላልዋሸኝ ነው።

ከዚያ በባናሽ ገንዘው ቀበሩት። ሰውየው ቃሬዛ እየጠበቀ እዚያው ተኝቶ በዓይኑ አይቷል። ቄስ የለም፣ ግን ድቁና የነበረው አንድ ልጅ ከመሃላቸው ነበርና እሱ አቡነ ዘበሰማያት ደግሞለታል።

መርዶው ዕለት ሽማግሌዎቹ ገና ጎህ ሳይቀድ መጥተው፣ ፎቶውንና ልብሱን ዘርግተን፣ «ማን ገነዘህ፣ ማን አፈር አለበሰህ» እያልሽ ያለቀስሽው ከጆሮዬ አልወጣም። በየለቅሶው ቤትም ደጋግመሽዋል። ይኸው፣ ጓደኞቹ ናቸው የገነዙት፣ በገዛ ፈትልሽ።

ለምን እንደሄደማ ባላነሳው ይሻላል። ባድመ ባድመ ሲባል ሄደ። መርዶው ኅዳር 1994 መጣ፣ በዚያው ዓመት ሚያዝያ የድንበር ኮሚሽኑ ባድመን ለኤርትራ ወሰነ። በ2010 ክረምት መሪዎቹ ሲተቃቀፉ በቴሌቪዥን ስናይ አንቺ «እሰይ፣ የእነዚያም እናቶች ይረፉ» አልሽ፣ እኔ ተናድጄ ጥዬ ወጣሁ። አሁንም ያናድደኛል። ያን ቀን ያስደነቅሽኝ አንቺ ነሽ እንጂ እነሱ አይደሉም።

አሁን ሁለት ነገር ልጠይቅሽ ነው የጻፍኩት። እስካሁን ሙት ዓመቱን የምናወጣው መርዶው በመጣበት፣ በኅዳር ሚካኤል ማግስት ነው፤ ሌላ የምናውቀው ቀን አልነበረማ። (በ2014 ጦርነቱ እስከ ደብረ ሲና ሲደርስማ እሷንም ሳናወጣ ቀረን።) አሁን ቀኑን አወቅነው። ለመጋቢት 6 እናድርገው? ሁዳዴ ስለሚሆን እርድ የለም፣ ንፍሮና ዳቦ ይበቃል። ጎረቤት ምን ይላል የምትይውን ነገር ተይው። የንስሐ አባትሽን አማክሪና ወስኚ። የለመድኩትን ኅዳርን አልተውም ካልሽም እሺ፣ ሁለቱንም እናወጣለን፣ ወጪው አያሳስብሽ።

ሁለተኛው፣ ሰውየው መጥቶ ሊያይሽ ይፈልጋል። ግን ፈርቷል። «እሳቸው ልጃቸውን አጥተው እኔ ቆሜ እየሄድኩ በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ» ነው የሚለው። ምን እንደምትመልሽለት እኔ አውቃለሁ። እሱ ግን ከአፍሽ ካልሰማ አያምንም። ይምጣ ካልሽ ድምፅሽን ቅጂና ላኪልኝ፤ ልጅቷ የቱን እንደምትጫኚ ታሳይሻለች። መኪናውን እኔ እችላለሁ፣ እግሩ ስለማያስኬደው እስከ ደጃፍሽ የሚያደርሰን ኮንትራት እይዛለሁ።

ጠላም መጥመቅ እንዳትረሺ። የመንዝ ጠላ ከቡልጋ ይበልጣል ብዬ ተከራክሬ እምቢ ብሎኛል፣ መጥቶ ይቅመሰው። የጉልበት ቅባቱን ሐሙስ በሚኒባስ እልካለሁ፣ ማታ ማታ ነው የምትቀቢው።

ልጅሽ፣ ከደብረ ብርሃን