የትራንስፎርመር ላሜራ በመዶሻ አይቃናም

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

የተቃጠለ ትራንስፎርመር ሲጠገን ሁሉም የሚጨነቀው ለሽቦው ነው፤ ለመዳቡ ውፍረት፣ ለዙሩ ብዛት፣ ለቫርኒሹ አደራረቅ። ኮሩ፣ ማለትም ሽቦው የሚጠመጠምበት የብረት ልብ፣ ግን ተፈቶ ወለል ላይ ይከመራል፣ የተሠራበት ስስ የብረት ቅጠል ማለትም ላሜራው ከጎበጠ በመዶሻ ተቃንቶ ይመለሳል። ጥሩ ጥገና የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

የኮር ላሜራ የጣሪያ ቆርቆሮ አይደለም። 3 በመቶ ገደማ ሲሊከን ያለበት፣ ውፍረቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ0.23 እስከ 0.35 ሚሊሜትር የሆነ ብረት ነው። ቅንጣቶቹ በተዳመጠበት አቅጣጫ ስለተሰለፉ ማግኔቱ በዚያ መስመር ያለ ብዙ ድካም ይመላለሳል። ሲታጠፍ ወይም ሲቀጠቀጥ ግን ውስጡ ተቆልፎ የሚቀር ጫና ይገባበታል። ክፉው በርዝመቱ የሚጨምቀው ነው፤ ጥቃቅኖቹን የማግኔት ክፍሎች ወደ ጎን ያዞራቸዋል። እነሱን በየኤሌክትሪክ ዑደቱ፣ በሰከንድ 50 ጊዜ፣ ለመመለስ የሚባክነው ጉልበት ሙቀት ይሆናል። ጩኸቱም ከዚሁ ይመጣል። ጄምስ ጁል በ1842 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው ብረት ማግኔት ሲሆን ርዝመቱ ይለወጣል። የደህና ላሜራ ለውጥ በሜትር 1 ማይክሮሜትር ገደማ ነው፤ ሲጨመቅ ብዙ እጥፍ ያድጋል፣ በ100 ኸርዝ እምም የሚለው ድምፅም ይበረታል።

የላሜራውን ግራጫ ሽፋን መፋቅም ስህተት ነው። ኢንሱሌሽን (ኤሌክትሪክ እንዳያልፍ የሚከለክል) ብቻ አይደለም፤ ብረቱን ወጥሮ ይይዘዋል፣ ውጥረቱም ብክነትን ይቀንሳል።

ላሜራው ሲፈታ በተራው ቁጥር ተሰጥቶት ጠፍጣፋ እንጨት ላይ ይደርደር። ረጅሙ ሲነሳ መሀሉ እንዳይረግብ በጠርዙ ቆሞ ይያዝ። ቡሎኑ አምራቹ ባዘዘው ልክ በቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ) ይጥበቅ፤ ሲበዛ ጫና ያስገባል፣ ሲላላ ያንቀጠቅጣል። የገባን ጫና የሚያወጣው 800 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሙቀት ነው፤ ለ2 ሰዓት ያህል በደረቅ ናይትሮጅን ውስጥ፣ ከዚያም ቀስ እያለ መቀዝቀዝ። ብክነቱ እንዲቀንስ በፋብሪካ በሌዘር የተጫረ ላሜራ ግን በዚህ ሙቀት የሌዘሩን ጥቅም ስለሚያጣ፣ ከጎበጠ በአዲስ ይተካ።

መፈተኛው ቀላል ነው። በዝቅተኛው ቮልቴጅ በኩል 400 ቮልት ይሰጥ፣ የ15 ኪሎ ቮልቱ ወገን ክፍት ይሁን። ክፍት ነው ማለት ኤሌክትሪክ የለበትም ማለት አይደለም፤ ሙሉው 15 ኪሎ ቮልት ስላለበት ማንም አይጠጋው። ያለ ጭነት የሚስበው አምፒርና ዋት ከፋብሪካው የሙከራ ወረቀት ጋር ይነጻጸር። የሽቦው ዙር ብዛት ትክክል ሆኖ ዋቱ ከጨመረ ጥርጣሬው ወደ ኮሩ ይዙር። ይህ ብክነት ሌሊትም አያርፍም፤ የ100 ዋት ጭማሪ በዓመት 876 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል። ትራንስፎርመር የሚያስጠግኑ ሰዎች ይህ ንባብ በርክክብ ወረቀቱ ላይ እንዲሰፍር ይጠይቁ።

ከትራንስፎርመር ጥገና ባለሙያዎች