ከፋዩን ሥዕሉ ውስጥ አስገቡልን

ክቡር አዘጋጅ፣

ጋዜጣችሁን ካነበብኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ጸጥታን የሚመለከት ዜና በወጣ ቁጥር አንድ ተመራማሪ ይጠቀሳሉ። ስማቸው አለ፣ ማዕረጋቸው አለ፣ የተቋማቸው ስም አለ። የተቋሙን ደመወዝና የቤት ኪራይ የሚከፍለው ማን እንደሆነ ግን አንድም ቀን አላነበብኩም። የምጽፍላችሁ ስለዚህች ነገር ብቻ ነው።

የምኖረው ባሕር ዳር ነው። እዚህ የጸጥታ ጥናት ሩቅ ነገር አይደለም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሰላምና ደኅንነት ጥናት ተቋም ሲያዘጋጀው የኖረው ጣና ፎረም፣ የአፍሪካ መሪዎች ስለ ጸጥታ የሚመክሩበት ጉባኤ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የተጀመረው በዚሁ ከተማ ነው። መሪዎች ሲመጡ አስፋልቱ ይዘጋል፣ ባጃጆቻችን በውስጥ ለውስጥ ይሽሎከለካሉ፣ እኛም ስለ ፖለቲካው ሁሉን እንዳወቀ ሰው እናወራለን። እ.ኤ.አ. የ2018ቱ ፎረም ርዕስ የአፍሪካ ሰላምና ጸጥታ ባለቤት ማነው የሚል ነበር፤ በተለይም የአፍሪካ ኅብረት ገንዘብ ከየት ይምጣ የሚለው። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ መሪዎቹ ኪጋሊ ላይ ከገቢ ዕቃ 0.2 በመቶ ለኅብረቱ እንዲሰበሰብ ወስነው ነበር። የሌላ ሰው ገንዘብ የሌላ ሰው ሐሳብ ይዞ ይመጣል ብለው ነው። ታዲያ ይህ ስጋት ለኅብረቱ ከሠራ፣ ስለ ኅብረቱ ለሚያጠኑት ለምን አይሠራም?

ስጋቱን ያወቅሁት በወሬ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በሐይቁ ዳር ስላለው የሰላም ሁኔታ ለሚሠራ አንድ ጥናት መረጃ ሰብሳቢ ሆኜ ነበር። አበሉ ጥሩ ነበር፣ አልዋሽም። አንድ አዛውንት ዓሣ አጥማጅ ታንኳቸውን እያደረቁ አገኘኋቸውና መጠይቁን አወጣሁ።

«ልጄ፣ ማን ነው የላከህ?» አሉኝ።

የጥናት ድርጅቱን ስም ነገርኳቸው።

«እሱንስ ማን ላከው?»

ሳቅሁ። መልሱን አላውቀውማ! ከዚያ ጥያቄዎቹን ጀመርኩ፤ ከመንደሩ ስንት ወጣት ተሰደደ፣ በየት በኩል ሄደ፣ ደላላው ማነው። እሳቸው ማውራት የፈለጉት ሐይቁን ስለወረረው እምቦጭና ጫጩት ዓሣ ሳይቀር ጠራርጎ ስለሚያወጣው መረብ ነበር። በዚያ መረብ የተነሣ ሰው ከሰው ሊጋደል ነበር አሉኝ። ይህ ጸጥታ አይደለም? መጠይቁ ላይ ግን የሚጻፍበት ቦታ አልነበረም። «ሌላ» የምትል አንዲት መስመር ነበረች፣ እዚያ ላይ ጫርኩት። ሪፖርቱ ሲወጣ ፈለግሁት፤ የለም።

በኋላ ነገሩ ገባኝ። አውሮፓውያን እ.ኤ.አ. በ2015 ቫሌታ ላይ ለአፍሪካ የስደት ፈንዳቸውን ካቋቋሙ ወዲህ፣ እኔ ባየኋቸው ፕሮፖዛሎች ሁሉ ስደት የምትል ቃል ሳትገባ አትቀርም ነበር። ማንም ማንንም ዋሽ አላለም። ለጋሹ የሚገዛው መልሱን አይደለም፣ ጥያቄውን ነው። ተመራማሪው ሐቀኛ ሊሆን ይችላል፤ የተጠየቀውን በሐቅ ይመልሳል። ያልተጠየቀው ግን ሐይቁ ዳር ይቀራል።

ይህ የድሃ አገር ጣጣ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የአሜሪካኑ ኒውዮርክ ታይምስ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ምርመራ፣ ኖርዌይ ዋሽንግተን ላለ አንድ የጥናት ማዕከል 5 ሚሊዮን ዶላር ለመስጠት የተስማማችው ማዕከሉ የአሜሪካ ባለሥልጣናትን ለአንድ የውጭ እርዳታ ፕሮግራም የሚሰጡትን ገንዘብ በእጥፍ እንዲያሳድጉ ይገፋ ዘንድ መሆኑን ጽፏል። ኳታርም ብሩኪንግስ ለሚባለው የዋሽንግተን የጥናት ማዕከል በአራት ዓመት የሚከፈል 14.8 ሚሊዮን ዶላር ሰጥታ ነበር። ኩዊንሲ የሚባለው የአሜሪካ የጥናት ተቋም እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ባወጣው መዝገብ ደግሞ ሃምሳ ትልልቅ የአሜሪካ የጥናት ተቋማት በአምስት ዓመት ውስጥ ከውጭ መንግሥታት ከ110 ሚሊዮን ዶላር በላይ፣ ከጦር መሣሪያ ኩባንያዎች ወደ 35 ሚሊዮን የሚጠጋ ተቀብለዋል ይላል። ከሲሶ በላይ የሚሆኑት ማን እንደሚከፍላቸው ጨርሶ አይናገሩም። (ኩዊንሲ ራሱ ሲመሠረት ከአሜሪካውያኑ ቱጃሮች ከጆርጅ ሶሮስና ከቻርልስ ኮክ በኩል ነው ገንዘብ ያገኘው። ሁለቱ በፖለቲካ ሆድና ጀርባ ናቸው። ይህን ማወቄ መዝገቡን እንድጥለው አላደረገኝም፤ ይልቅ ቀረብ ብዬ እንዳነበው አደረገኝ።)

የውጭ ገንዘብ ይከልከል እያልኩ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። ያንን ሞክረን አይተነዋል። የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621/2001 ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ማኅበር በሰብአዊ መብትና በግጭት አፈታት ላይ እንዳይሠራ አገደ። ውጤቱ ዝምታ ነበር፤ አዋጁን ለመሻር አሥር ዓመት ፈጀብን። በመንግሥት በጀት የሚተዳደር ተቋምም ቢሆን ያጎረሰውን እጅ ሲነክስ አላየሁም። ከጥር 2017 ወዲህ አሜሪካ እርዳታዋን ስታቆም ደግሞ ፕሮጀክት ላይ የነበሩ ጓደኞቼ ላፕቶፓቸውን መልሰው ቤት ገቡ። የጀመሩት ጥናትም አብሮ ቤት ገባ።

የምጠይቀው ትንሽ ነው። ደቅ ደሴት ላይ ያለችውን ናርጋ ሥላሴን ያየ ሰው ያውቃል። ቤተ ክርስቲያኗን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው። የእመቤታችን ሥዕል ግርጌ ላይ እቴጌይቱ በግንባራቸው ተደፍተው ተሥለዋል። ሥዕሉን የሚያይ ሁሉ ከፋይዋን አብሮ ያያል። ይህ የሥዕሉን ክብር አልቀነሰውም። ከእነ ጭራሹ ሰዓሊው ደብቋቸው ቢሆን ኖሮ ነው የምንጠራጠረው።

እናንተም እንደዚያ ሰዓሊ አድርጉ። «የእንትን ተቋም ተመራማሪ» ብላችሁ ስትጽፉ እዚያው አጠገቡ ማን እንደሚከፍለው ጨምሩበት። አንዳንዶቹ አያስቸግሯችሁም። ለምሳሌ አዲስ አበባ ቢሮ ያለው የደቡብ አፍሪካው የደኅንነት ጥናት ተቋም የለጋሾቹን ስም ራሱ ያትማል፤ እሱን መገልበጥ ነው። የማይናገር ካለ ደውላችሁ ጠይቁት። አልናገርም ካለ «ገንዘቡ ከየት እንደሆነ ለመግለጽ ፈቃደኛ አልሆነም» ብላችሁ አትሙ። መስመሩ ለሁሉም እኩል ይሁን፤ መንግሥት የሚከፍለውንም፣ የውጭ ኤምባሲ የሚከፍለውንም፣ ነጋዴ የሚከፍለውንም። የምትወዱትን ተመራማሪ ጭምር።

የእኔን ልናገር፦ ለዚህ ደብዳቤ ማንም አልከፈለኝም። የኢንተርኔት ካርዱን ግን የሞላልኝ የእህቴ ልጅ ነው፤ እሱ ደግሞ አንድ ፕሮጀክት ላይ ይሠራል።

አንባቢያችሁ
ከባሕር ዳር