ባትሪው ከንፋሱ ጋር አብሮ ይታቀድ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በአገራችን ስለ ንፋስ ኃይል ሲወሳ አዳማ ሁለት 153፣ አሸጎዳ 120 ሜጋ ዋት እየተባለ የሚቆጠረው የተተከለው አቅም ነው። የሚመነጨው ኃይል በየደቂቃው ከፍና ዝቅ ማለቱ ግን እምብዛም አይነሳም። እኔ ደብረ ብርሃን የኤሌክትሪክ ሙያ የማስተምር ሰው ነኝ። ከጣርማ በር ወደ መንዝ በሚዘልቀው ነፋሻማ ደጋ ላይ ወደፊት ተርባይን ይተከል ከተባለ፣ ባትሪው ከዕቅዱ መነሻ ጀምሮ አብሮ እንዲታሰብ ለማሳሰብ ይህን ጽፌያለሁ።

ንፋሱ በአሥር በመቶ ብቻ ቢደክም ከእርሱ የሚገኘው ኃይል ከሩብ በላይ ይወርዳል፤ ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ ደግሞ የሚተርፈው አንድ ስምንተኛው ብቻ ነው። ፍሪኩዌንሲው፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በሰከንድ የሚመላለስበት ብዛት፣ 50 ሄርዝ ላይ እንዲጸና የሚመነጨውና የሚፈጀው ኃይል በየቅጽበቱ መመጣጠን ስላለበት፣ ጉድለቱ ቶሎ ካልተሞላ የመከላከያ መሣሪያዎቹ መስመር መቁረጥ ይጀምራሉ። የውኃ ተርባይን በሩን ከፍቶ ኃይሉን እስኪጨምር ሰከንዶች ይወስድበታል፤ ባትሪ ግን ቀጥተኛውን ኤሌክትሪክ ወደ ተለዋዋጭ በሚቀይረው ኢንቨርተር አማካይነት ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይደርሳል።

ግድቦች እያሉን ባትሪ ለምን ያስፈልገናል የሚል ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። የህዳሴው ግድብ 5,150፣ ጊቤ ሦስት 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ስላላቸው፣ በበጋ ንፋሱ ሲበረታ ውኃውን ይዞ ማቆየት፣ ሲደክም ደግሞ መልቀቅ ይቻላል። ስለዚህ ኃይልን ለሰዓታትና ለወራት ለማቆየት ሲባል ውድ ባትሪ መግዛት ለእኛ ቀዳሚ ጉዳይ አይደለም። ነገር ግን ግድቦቹ ያሉት ጉባና ኦሞ ላይ ሲሆን የብርድ ልብሱ፣ የቢራውና የኢንዱስትሪ ፓርኩ ማሽኖች ያሉት ደብረ ብርሃን ነው። በመካከል ያለው መስመር ወይም ትራንስፎርመር ተጨናንቆ ቮልቴጅ ሲወርድ፣ የግድቡ መሙላት ብቻውን አያድነንም። የእኔ አሳብ ባትሪው በማከፋፈያ ጣቢያዎች አጠገብ፣ ፋብሪካው በሚገኝበት አካባቢ ይቀመጥ የሚል ነው፤ እዚያ ቢሆን የንፋሱን መዋዠቅም የመስመሩን ድክመትም ባንድነት ያቃልላል።

ይህ የወረቀት ላይ ሐሳብ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 ግዛቱ በሙሉ ጨለማ ውስጥ የገባው ደቡብ አውስትራሊያ፣ በቀጣዩ ዓመት ማብቂያ በሆርንስዴል የንፋስ ማመንጫ አጠገብ 100 ሜጋ ዋት ባትሪ አቆመ። ሥራ በጀመረ በሳምንታት ውስጥ በሌላ ግዛት አንድ ትልቅ የድንጋይ ከሰል ማመንጫ በድንገት ሲቆም፣ ባትሪው ወዲያውኑ ኃይል በመስጠት የፍሪኩዌንሲውን መውረድ ለመግታት አግዟል። የባትሪ ዋጋም ከእ.ኤ.አ. 2010 ወዲህ ወደ አንድ አሥረኛ ገደማ ወርዷል።

እኛን በተለይ የሚመለከተን የከፍታው ጉዳይ ነው። አብዛኛው የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚሠራው ከባሕር ወለል በላይ እስከ 1,000 ሜትር ላለ ቦታ ታስቦ ሲሆን፣ ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። አየሩ በሩብ ያህል ስለሚሳሳ ማቀዝቀዣው ይደክማል፣ ኤሌክትሪክ በተሸከሙ ክፍሎች መካከል ያለው አየር ብልጭታን የመከላከል አቅሙም ይዳከማል፤ ኢንቨርተሩም ከተጻፈበት አቅም ባነሰ ጭነት እንዲሠራ ይገደዳል። በአንጻሩ ቅዝቃዜያችን ባትሪው እንዳይግል ይረዳል፤ ሌሊቱ ወደ በረዶ ሲጠጋ ግን ሊትየም ባትሪ ሳይሞቅ መሞላት ስለሌለበት ማሞቂያ ያስፈልገዋል። ይህ በጨረታ ሰነዱ ላይ በግልጽ ካልሰፈረ ዕቃው ከመጣ በኋላ ማስተካከል ከባድ ነው።

ስለሆነም የሚመለከታቸው የኃይል ተቋማት በአካባቢያችን ለሚያቅዱት ማንኛውም የንፋስ ፕሮጀክት የባትሪውን የምላሽ ፍጥነት፣ ለከፍታው የተስተካከለ አቅሙን፣ ከዓመታት በኋላ ሊቀር የሚገባውን የማከማቸት አቅም ዋስትና፣ እንዲሁም የእሳት አደጋ መከላከያውን በሰነዱ ውስጥ እንዲያካትቱ፣ ጥገናውንም የዚሁ አካባቢ ወጣቶች ተምረው እንዲረከቡት በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የኤሌክትሪክ ሙያ መምህር
ደብረ ብርሃን፣ ሰሜን ሸዋ