የቁመት መለኪያው ሰልፉ መጀመሪያ ላይ ይቁም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ትምህርት በተዘጋ ቁጥር ስለ መዝናኛ ፓርኮች ብዙ ይጻፋል። የሚጻፈው ግን ሁልጊዜ ስለ ማሽኖቹ ነው፦ የትኛው ይፈጥናል፣ የትኛው ከፍ ይላል፣ የትኛው አዲስ ነው። ቤተሰብ ይዞ ሙሉ ቀን ለሚውል ሰው ቀኑ የሚበላሸው ሌላ ቦታ ላይ ነው። ልጁ ለሮለር ኮስተር (ሐዲድ ላይ ሽቅብና ቁልቁል ለሚከንፈው ባቡር) ተሰልፎ፣ ተሰልፎ፣ ተራው ሲደርስ መለኪያው ሥር ይቆማል፤ ሁለት ሴንቲ ሜትር ይጎድለዋል። ልጁ ያለቅሳል፣ አባት ከኦፕሬተሩ ጋር ይከራከራል፣ እናት «ተወው፣ እንሂድ» ትላለች፣ ከኋላ ያለው ሰልፈኛ ያጉረመርማል። በማሽኖቹ ላይ የምንሠራ ሰዎች ይህን ጠብ ጠንቅቀን እናውቀዋለን። ጨርሶ ሊቀር የሚችል ነው። ይህን ደብዳቤ የምጽፈውም ወላጆችም የፓርክ ባለቤቶችም የየድርሻቸውን እንዲያደርጉ ለመጠየቅ ነው።

ብዙ ሰው የቁመት ገደቡን የድፍረት መለኪያ አድርጎ ይወስደዋል። «ልጄ አይፈራም፣ ከዚህ የባሰ ተሳፍሮ ያውቃል» የሚለው ልመና የሚመጣው ከዚህ ነው። ገደቡ የሚወጣው ግን ከመቀመጫው አሠራር ነው። ጭን ላይ የሚወርደው ብረት ሰውን የሚይዘው ጭንና ዳሌ በሚገናኙበት ቦታ ነው። ባቡሩ ጉብታውን አልፎ ቁልቁል ሲታጠፍ የተሳፋሪው ሰውነት ወደ ላይ መሄዱን ይቀጥላል፤ ያን ጊዜ ከመቀመጫው የተነሳውን ሰው መልሶ የሚያስቀምጠው ያ ብረት ነው። ጭኑ ቀጭንና አጭር የሆነ ልጅ ላይ ብረቱ እስከ መጨረሻው ወርዶም ክፍተት ይተዋል። ልጁ በዚያ ክፍተት ሊወጣ ይችላል። ወፍራም ሶል ያለው ጫማ፣ ጫማ ውስጥ የተጠቀጠቀ ካልሲ፣ በእግር ጣት መቆም፣ እነዚህ ሁሉ መለኪያው ላይ ቁጥር ይጨምራሉ፤ ጭኑ ላይ ግን አንድ ሚሊ ሜትር አይጨምሩም።

ከሁሉም በላይ የሚያሰጋው አንድ ብረት ሁለት ሰው ላይ የሚወርድባቸው መጫወቻዎች ናቸው። ብረቱ የትልቁ ሰው ጭን ላይ ሲደርስ ይቆማል፤ አጠገቡ የተቀመጠውን ትንሽ ልጅ የያዘው ነገር የለም ማለት ይቻላል። ወላጅ «እኔ አቅፌ እይዘዋለሁ» ሲል ከልቡ ነው፤ ነገር ግን ማሽኑ የሚፈጥረውን ግፊት ክንድ አይመክተውም። የሚሽከረከሩት ላይ ደግሞ የመቀመጫ ቅደም ተከተል አለ፦ ኃይሉ ወደ ውጭ ስለሚገፋ ከባዱ ሰው በውጭ በኩል፣ ልጁ በውስጥ በኩል ይቀመጣል። ከተገለበጠ አዋቂው ተንሸራቶ ልጁን ከግድግዳው ጋር ያጣብቀዋል። ገደብ ስለሌለው ሁሉም የሚንቀው ሸርተቴ እንኳ የራሱ ጣጣ አለው። ሕፃኑን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው የሚንሸራተቱ ወላጆች ለጥንቃቄ ብለው ነው የሚያደርጉት። የልጁ ጫማ ጠርዙን ወይም ወለሉን ሲይዝ ግን እግሩ ይቆማል፣ የሁለቱ ሰውነት ክብደት መውረዱን ይቀጥላል፣ የልጁ ቅልጥም ይሰበራል። ብቻውን መንሸራተት የማይችል ልጅ ሸርተቴው ላይ አይውጣ።

ስለዚህ ልጁን ቤት ለኩት። ጀርባውን ግድግዳ አስደግፉት፣ ተረከዙ ወለል ይንካ፣ አናቱ ላይ ጠፍጣፋ መጽሐፍ አግድማችሁ አሳርፉና ከመጽሐፉ ሥር በእርሳስ ምልክት አድርጉ። የምትለኩት ማታ ይሁን። የሰው ቁመት ጠዋት ከእንቅልፍ ሲነሳና ማታ ሲተኛ አንድ አይደለም፤ ቀኑን ሙሉ ሲቆምና ሲሄድ በአከርካሪ አጥንቶቹ መካከል ያሉት ለስላሳ ክፍሎች ስለሚጨመቁ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ይቀንሳል። ጠዋት ያለፈ ልጅ ከሰዓት በኋላ የሚመለሰው አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው፤ ኦፕሬተሩ ስለጨከነ አይደለም። ማታ ተለክቶ የደረሰ ልጅ ቀኑን ሙሉ ይደርሳል። አብዛኛውን ጊዜ የምታገኟቸው ገደቦች 102፣ 107፣ 122 እና 137 ሴንቲ ሜትር ናቸው፤ የየማሽኑን ግን ከፓርኩ ድረ ገጽ ወይም ስልክ ደውላችሁ አረጋግጡ። የማይደርስባቸውን ለልጁ ከቤት ሳትወጡ ንገሩት። ቤት የተነገረ «አይቻልም» እና ከአንድ ሰዓት ሰልፍ በኋላ የተነገረ «አይቻልም» ለልጅ አንድ አይደሉም።

ታናሽ ስላለ ታላላቆቹ ይቅርባቸው ማለትም አይደለም። ብዙ ፓርኮች ወላጆች ተራ እንዲለዋወጡ ይፈቅዳሉ፦ አንደኛው ይሳፈራል፣ ሌላው ትንሹን ይዞ ይጠብቃል፣ ከዚያ እንደገና ሳይሰለፉ ይቀያየራሉ። ይህ የሚሠራው ግን ሰልፉ ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት መግቢያው ላይ ያለውን ሠራተኛ ከጠየቃችሁ ነው።

አሁን ስለ ሰልፉ። 24 ሰው የሚይዝ ባቡር በየአንድ ደቂቃ ተኩሉ ከተነሳ በሰዓት 40 ጊዜ ይነሳል፤ 960 ሰው ያጓጉዛል። ከፊታችሁ 480 ሰው ካለ ግማሽ ሰዓት ትጠብቃላችሁ። ያው ባቡር በየሦስት ደቂቃው ከተነሳ አንድ ሰዓት ይሆናል። የሚያዘገየው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ተሳፋሪው ነው፦ ቦርሳ የት ላስቀምጥ የሚለው፣ መቀመጫ ላይ ከተቀመጠ በኋላ ስልኩን ከኪሱ የሚፈልገው፣ ማን ከማን ጋር ይቀመጥ እያለ የሚከራከረው። ስለዚህ ከመሰለፋችሁ በፊት አምስት ደቂቃ ቆማችሁ ተመልከቱ። ስንት ባቡር እየዞረ ነው? በየስንት ደቂቃው ይነሳል? አንድ ባቡር ብቻ እየሠራ ከሆነ ሁለተኛው እስኪገባ ሌላ ቦታ መዋል ይሻላል።

ሁሉም ሰው በሩ እንደተከፈተ ወደ ትልቁ ሮለር ኮስተር ይሮጣል። እኔ የምመክረው በተቃራኒው ነው፣ በተለይ ትንሽ ልጅ ላላቸው። በሰዓት አንድ ሺህ ገደማ ሰው የሚያነሳ ማሽን ሰልፉ ረጅም ቢመስልም ቶሎ ይሄዳል። የቀኑ እውነተኛ ሌባ 16 ወይም 20 ልጅ ብቻ ይዞ ለአራት ደቂቃ የሚሽከረከረው የልጆች መጫወቻ ነው፤ መሳፈሪያና መውረጃው ሲታከል በሰዓት 200 ልጅ ቢያነሳ ነው። ሃምሳ ልጅ የቆመበት አጭር ሰልፍ ሩብ ሰዓት ይበላል። እነዚህን በመጀመሪያው ሰዓት ጨርሱ። ከረፋዱ 5 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ሰልፉ ሁሉ ይረዝማል፤ ያን ጊዜ ለትርኢት፣ ለጥላ፣ ለሕፃን እንቅልፍ አውሉት። ምሳ ከ5 ሰዓት ተኩል በፊት ወይም ከ8 ሰዓት ተኩል በኋላ ከሆነ ለምግብ አትሰለፉም። የመጨረሻው ሰዓት እንደ መጀመሪያው ቀላል ነው፤ በአብዛኞቹ ፓርኮች ከመዘጊያው በፊት ሰልፉ ውስጥ የገባ ሰው ይስተናገዳል። ለብቻቸው መሳፈር የማይከብዳቸው ወጣቶች ደግሞ ባዶ የቀረ ነጠላ መቀመጫ የሚሞላበት የተለየ ሰልፍ ካለ ይጠይቁ፤ ጥበቃው በጣም ያጥራል።

ማሽን መሀል መንገድ ላይ ሲቆም የሚነሳው ጩኸት ሌላው መነጋገር ያለብን ጉዳይ ነው። የሮለር ኮስተር ሐዲድ በክፍል በክፍል የተከፋፈለ ነው፤ በአንድ ክፍል ውስጥ በአንድ ጊዜ ከአንድ ባቡር በላይ አይገባም። የፊተኛው ከክፍሉ ካልወጣ የኋለኛው በፍሬን ይያዛል። ጣቢያው ላይ አንድ ሰው ቀበቶው አልገባ ብሎት ከዘገየ፣ ከኋላ የሚመጣው ባቡር ከጣቢያው በፊት መቆሙ የግድ ነው። ባቡሩ የት እንዳለ የሚለየው አነፍናፊ መሣሪያ የተሳሳተ ምልክት ሲሰጥም ሁሉም ይቆማል። ይህ ማሽኑ እንደታዘዘው መሥራቱ ነው። ሰንሰለት በሚጎትታቸው ላይ አቀበቱን ስትወጡ የምትሰሙት «ቋ ቋ ቋ» የሚለው ድምፅም ብዙ ሰው ያስፈራል። ያ ድምፅ ከባቡሩ ሥር ያለ የብረት ጥርስ ሐዲዱ መሀል ባለው ደረጃ ደረጃ ያለ ብረት ላይ እያንዳንዷን እርከን ሲይዝ የሚወጣ ነው፤ ሰንሰለቱ ቢበጠስ ባቡሩ ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት የሚያደርገው እሱ ነው። አቀበት ላይ ከቆማችሁ ተቀመጡ፣ ብረቱን ለማንሳት አትታገሉ፣ ለማየት አትጠማዘዙ። ከጎን የእግር መንገድና ደረጃ አለ፤ ሠራተኞች በዚያ ወጥተው ረድፍ በረድፍ እየከፈቱ ያወርዷችኋል። ነፋስ ሲበረታ ወይም መብረቅ ሲቀርብ ረጃጅሞቹ ማሽኖች የሚዘጉትም ለደኅንነት ነው፤ ዝናቡ እንዳባራ ያለው ጊዜ ደግሞ ሰልፉ የሳሳበት ስለሆነ ቶሎ ተጠቀሙበት።

ማቅለሽለሽ የሚመጣው ዓይንና የውስጥ ጆሮ ለአንጎል የሚነግሩት ሳይገጥም ሲቀር ነው። ሮለር ኮስተር ላይ ዓይናችሁን ከፍታችሁ ወደፊት ሐዲዱን ተመልከቱ፣ ራሳችሁን መደገፊያው ላይ አሳርፉ፣ መሀል መቀመጫ ምረጡ፤ የኋለኛው ቁልቁለቱን ሲወርድ በኃይል ይጎተታል። ስክሪን ላለባቸው መጫወቻዎች ግን ዓይን መጨፈን ይረዳል። የጉዞ ማቅለሽለሽ ኪኒን የሚሠራው ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ቀድሞ ሲወሰድ ነው፤ ከጀመረ በኋላ መዋጥ ብዙም አይረዳም። ለልጅ ከሆነ ፋርማሲስት ሳይጠየቅ አይሰጥ። ነፍሰ ጡር፣ የልብ ወይም የደም ግፊት ሕመም ያለበት፣ የአንገትና የወገብ ችግር ያለበት፣ በቅርቡ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው ኃይለኛዎቹን ይተዋቸው።

ትልቅ ፓርክ ውስጥ ሲውሉ 20,000 እርምጃ ማለፍ የተለመደ ነው። ጫማው ቢያንስ ሁለት ሳምንት የተለመደ ይሁን። ውሃ የሚረጩትን መጫወቻዎች ጠዋት መጀመሪያ አትሳፈሩ፤ በእርጥብ ካልሲ ሲሄዱ የዋሉ እግሮች ውሃ ይቋጥራሉ። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ትርፍ ካልሲ በላስቲክ ያዙ። የፀሐይ መከላከያ ክሬም በየሁለት ሰዓቱና ከውሃ በኋላ ይደገም። ጎ-ካርት (ትንሿ የመወዳደሪያ መኪና) ላይ ደግሞ ሻርፕ አውልቁ፣ ረጅም ፀጉር ጠቅልላችሁ ሸፍኑ፤ ጎማዎቹን የሚያገናኘው ዘንግ ላይ የተጠመጠመ ሻርፕ ሰው ገድሏል።

ስለ መጥፋት፦ ጠዋት በሩ ላይ የልጁን ሙሉ ፎቶ ከነልብሱ አንሱ፤ ስልክ ቁጥራችሁን ክንዱ ላይ በማይለቅ ብዕር ጻፉ። «ከጠፋህ ባለህበት ቁም፣ የፓርኩን ዩኒፎርም ለለበሰ ሰው ንገር» በሉት። ከጠፋ አንድ አዋቂ መጨረሻ የታየበት ቦታ ይቁም፣ ሌላው ወዲያው በአቅራቢያው ላለ ሠራተኛ ይናገር፣ መጀመሪያ የሚፈተሸውም ውሃ ያለበት ቦታ ይሁን። ስትጣሩ ስሙን ብቻ አትጥሩ፤ «ቀይ ሹራብ የለበሰ የአምስት ዓመት ልጅ» እያላችሁ ጩኹ፣ ያኔ በዙሪያችሁ ያለው ሰው ሁሉ መፈለግ ይችላል።

ለፓርክ ባለቤቶችና ሥራ አስኪያጆች የምለው ይህን ነው። የየማሽኑን የቁመት ገደብ ትኬት መሸጫው መስኮት ላይና ድረ ገጹ ላይ ሰው ከመክፈሉ በፊት አሳዩ። ልጆችን በዋናው በር ለክታችሁ ቁመታቸውን የሚያሳይ ባለቀለም የእጅ ማሰሪያ አድርጉላቸው፤ በዚህ መንገድ የሚሠሩ ፓርኮች አሉ፣ ወጪውም የወረቀት ማሰሪያ ዋጋ ነው። ሁለተኛ መለኪያ ሰልፉ መጀመሪያ ላይ ትከሉ። ከእሱ አጠገብ ከነብረቱ አንድ የመሞከሪያ መቀመጫ አስቀምጡ፤ ብረቱ አልዘጋ የሚላቸው ትልልቅ ሰዎችም አሉ፣ መቶ ሰው እያያቸው ከባቡሩ ከሚወርዱ እዚያ በጸጥታ ቢሞክሩት ይሻላል።

ኦፕሬተሩ «አይቻልም» ያለውን ልጅ ሥራ አስኪያጅ መጥቶ «ለዛሬ ይለፍ» ሲል ማየትም መቆም አለበት። ያን ልጅ በዓይኑ አይቶ፣ ብረቱን በእጁ ገፍቶ የሞከረው ኦፕሬተሩ ነው። የኦፕሬተርን እምቢታ ከሥራ አስኪያጅ ጀምሮ ማንም መሻር እንደማይችል በጽሑፍ ይደንገግ፤ ጽሑፉም ወላጅም አለቃም ሊያነቡት እንዲችሉ ከመለኪያው ጎን ይለጠፍ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የመጫወቻ ማሽን ኦፕሬተር