ስለ ልጄ ጩኸትና ስለ ተሰጠኝ ምክር

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በአዲስ አበባ፣ ጀሞ አካባቢ በሚገኝ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ የምኖር እናት ነኝ። የ7 ወር ልጄ ካለፈው ወር ጀምሮ ጠግባ፣ እንቅልፏን ጨርሳና እየተፍለቀለቀች ሳለ ድንገት ጆሮ የሚበሳ ድምፅ ትለቃለች። ግድግዳው ስስ በመሆኑ ጩኸቷ ከቤታችን አልፎ ይሰማል፤ ምክሩም ከየአቅጣጫው መጥቶልኛል። አንዳንዱ ዓይን በልቷት ነው አለኝ፤ ሌላው ከአሁኑ ካልተቆጣሻት ትባልጋለች አለኝ። እጅግ ያስደነገጠኝ ግን «ግግ አውጥታ ይሆናልና አስነቅዪላት፣ እንጥሏንም አስቆርጪላት» ያሉኝ የቅርብ ዘመዴ ናቸው። እኒህ እናት ለልጄ ከልባቸው እንደሚያስቡ አውቃለሁ፤ ይሁን እንጂ የሕፃን ድድና ጉሮሮ በስለት መንካት ለደም መፍሰስ፣ ለመንጋጋ ቆልፍና ለሌላም ኢንፌክሽን የሚዳርግ፣ ወደፊት የሚበቅለውንም ጥርስ የሚጎዳ በመሆኑ ሊታሰብ እንኳ አይገባም።

ብዙ ሕፃናት ግማሽ ዓመት ገደማ ሲሞላቸው እንዲህ ይጮኻሉ። ድምፃቸውን ከፍና ዝቅ ማድረግ እንደሚችሉ ገና ማወቃቸው ነው፤ ቃል ስለሌላቸውም ደስታቸውን፣ ፍላጎታቸውንና መሰልቸታቸውን በዚሁ ይገልጻሉ። ባለቤቴ ከሳሎን ሆኖ «ዝም በይ!» ብሎ በጮኸባት ቀን፣ ልጄ ጨዋታ መስሏት እየሳቀች ይበልጥ ጮኻ መለሰችለት። ከዚያ ወዲህ ስትጮህ አጠገቧ ተቀምጬ፣ ዓይን ዓይኗን እያየሁ በሹክሹክታ አነጋግራታለሁ፤ እኔን ለመስማት ስትል ጸጥ ትላለች። ማንኪያ እያየች ከጮኸች «ማንኪያውን ፈለግሽ?» ብዬ እሰጣታለሁ። በለሰለሰ ድምፅ ስታወራ ደግሞ ሥራዬን ትቼ እመልስላታለሁ፤ ወደ እርሷ የምንዞረው ስትጮህ ብቻ ከሆነ የምትለምደው መጮህን ነውና። ሁልጊዜ አይሳካልኝም፤ በተለይ አመሻሽ ላይ ደክሟት ሳለ፣ ቴሌቪዥኑን አጥፍቼ በረንዳ ላይ ይዣት ከመውጣት በቀር የሚረዳ ነገር አላገኘሁም።

በእርግጥ ጩኸት ሁሉ ጨዋታ አይደለም። ሕፃኑ ካተኮሰው፣ ጡት እምቢ ካለ፣ ጆሮውን እየጎተተ ካለቀሰ፣ ለቅሶው ከወትሮው ተለይቶ በምንም አልረጋ ካለ፣ ወይም እርግብግቢቱ ካበጠ፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ያስፈልጋል። ለድምፅ ዘወር የማይልና ምንም ድምፅ የማያወጣ ሕፃንም ጆሮው ሊመረመር ይገባዋል፤ ዝምተኛ ልጅ ጨዋ ነው ተብሎ ስለሚመሰገን ይህ በቀላሉ ይታለፋል።

ጋዜጣችሁ በጤና ዓምዱ የሕፃናት ሐኪም ጋብዞ ስለ ግግና ስለ እንጥል ደግሞ ደጋግሞ እንዲያስረዳ በአክብሮት እጠይቃለሁ፤ እኔን የመከሩኝ ዘመዴ ከእኔ ቃል ይልቅ የሐኪም ቃል ይሰማሉ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት እናት፣ ከጀሞ