ቅዳሜ የፈረስ ግልቢያ ትምህርት ለጀማሪዎች

ሰላም ለሁላችሁ። የጀማሪዎች ትምህርት ቅዳሜ ቦሩ ሜዳ ላይ ይጀመራል። ከጠዋቱ 1:30 ደሴ ፒያሳ ተገናኝተን በአንድ ሚኒባስ እንሄዳለን።

ከአሁኑ ልንገራችሁ፤ በመጀመሪያው ቀን ሽምጥ የሚጋልብ የለም። መጀመሪያ የምንማረው ፈረሱን መቅረብ ነው። ከኋላው አትምጡ። ፈረስ ቀጥታ ከጀርባው ያለውን አያይም፤ ከደነገጠ ይራገጣል። ድምፅ እያሰማችሁ በግራ ትከሻው በኩል ቅረቡ። ቀጥሎ መቦረሽና ኮርቻ መጫን አለ። ከዚያ ፈረሱ ላይ መውጣት፣ በእርምጃ መሄድ፣ ማቆም። አያቶቻችን እርካቡን በእግር አውራ ጣት ይዘው ይጋልቡ ነበር። እኛ ባለጫማዎቹ የእግራችንን ፊት ብቻ እናስገባለን፣ ተረከዝ ወደ ታች። ስትፈሩ ልጓሙን አትጎትቱ፤ አፉን ያመዋል። ሚዛን የሚጠበቀው በመቀመጫ ነው።

ረጅም ሱሪና ትንሽ ተረከዝ ያለው ጫማ አድርጉ። ጃኬት አትርሱ፣ የቦሩ ሜዳን የጠዋት ብርድ ታውቁታላችሁ። ያለ ሄልሜት ማንም አይወጣም፤ የሌላችሁ ተራ እየጠበቃችሁ ትዋዋሳላችሁ።

የምትመጡ እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ ጻፉ። ክብደታችሁን ደግሞ በውስጥ መስመር ላኩልኝ። ቀልድ አይደለም፣ ፈረስ የሚመደብላችሁ በሱ ነው። የወገብ ሕመም ያለበትም አብሮ ይንገረኝ።