የስታቲስቲክስ ክበብ፦ ከስቶክሆልም እስከ ጎርጎራ

ዘንድሮ በ31 አባላት ጀምረን ሰኔ ላይ 24 ቀርተናል። ቅዳሜ ጠዋት ለሒሳብ ብለው ከአልጋቸው የሚነሡ 24 ልጆች ማግኘት ቀላል እንዳይመስላችሁ።

የመጀመሪያው መንፈቅ በባሕር አለፈ። «ባሕር ለሌለን ሰዎች የባሕር ከፍታ ምን ያደርግልናል?» ያሉኝ ባልደረቦች ነበሩ። መረጃው በነጻ ይገኛል፤ የብዙ ዘመንም ነው። እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ በሳተላይት ሲለካ የዓለም ባሕር ወለል በአማካይ በዓመት ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ጨምሯል። ልጆቹ ይህን ይዘው የስቶክሆልምን መዝገብ ሲሠሩት ግን መስመሩ ቁልቁል ወረደ። ሦስት ጊዜ ደገሙት፤ ያው ነው። ስሌታቸው ልክ ነበር። አገሩን ተጭኖት የነበረው የበረዶ ክምር ከቀለጠ በሺህ የሚቆጠር ዓመት ቢያልፍም፣ መሬቱ ዛሬም ቀስ እያለ ሽቅብ ይነሣል። መለኪያው የተተከለው እዚያው መሬት ላይ ስለሆነ ባሕሩ የሸሸ ይመስላል።

ከዚያ ወዲህ ክበቡ ውስጥ «መለኪያው የት ነው የቆመው?» የማይል ልጅ የለም።

ኅዳር ላይ ጎርጎራ ወረድን። የጣናን ወርሃዊ ከፍታ የያዘ መዝገብ ከቀድሞ ተማሪያችን አግኝተን ነበርና ቦታውን በዓይናችን ማየት ፈለግን። ዳር ላይ አንድ አዛውንት ዓሣ አጥማጅ መረብ ይጠግናሉ። እ.ኤ.አ. በ2003 ሐይቁ ክፉኛ የጎደለበትን ጊዜ አነሣንባቸው። መረቡን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው በጣታቸው ወደ ውሃው አሳዩን። «ያቺን ድንጋይ አያችኋት? እስከዚያ ድረስ ደረቅ ነበር።»

ሁሉም ፎቶ ማንሣት ጀመረ። ዓመቱን ሙሉ ድምጿን ሰምቼው የማላውቅ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ጠጋ አለች። «አባባ፣ በየትኛው ወር ነበር?»

«ግንቦት ነዋ ልጄ፤ ዝናቡ ሳይገባ።»

እስክሪብቶዋን አውጥታ መዳፏ ላይ «ግንቦት» ብላ ጻፈች። እኔ ጉሮሮዬን አንዳች ነገር ያዘኝ። ጣና ክረምቱ ሲወጣ ይሞላል፣ ግንቦትና ሰኔ ላይ ይጎድላል፤ ልዩነቱ ከአንድ ሜትር ይበልጣል። የኅዳርን ውሃ ከግንቦት ጋር ማወዳደር ከንቱ ነው። ይህን ሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ ጽፌዋለሁ! እሷ ግን ጭቃ ውስጥ ቆማ በራሷ ደረሰችበት።

የቀሩት ስብሰባዎች እንደተለመደው ሄዱ። የጣናን መዝገብ እ.ኤ.አ. በ1996 ላይ ለሁለት ከፍለን ሠራነው፤ የጨረጨራ ግድብ ከተሠራ በኋላ ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበትን መጠን የሰው እጅም ይወስነዋል። ሁለቱን ዘመን በአንድ መስመር መጎተት ያሳስታል። ግራፉ ቤተ መጻሕፍት በር ላይ ተለጥፏል፤ እባካችሁ እዩት።

የውሃ ሙቀቱ ሥራ አልተሳካልንም። ጠዋትና ቀትር ላይ ለክተን ልዩነቱን አይተን ነበር። ከዚያ ያለን አንድ ቴርሞሜትር ተሰበረ፤ ምትክ ጠይቀን እስከ ዛሬ አልመጣም። መብራት ጠፍቶ የተመለስንባቸውን ቅዳሜዎች አልቆጥርም። ለኳስ ውድድር አውቶቡስ ሲገኝ ደስ ይለኛል፤ ለእኛም በዓመት ሁለት ቀን ቢገኝ ምን ነበረበት? የጎርጎራውን መኪና የከፈሉት ወላጆች ናቸው። እግዜር ይስጥልን።

ለሚመጣው ዓመት የምንጠይቀው ገመድ ያላቸው ሦስት ቴርሞሜትሮችና የአንድ ቀን መኪና ነው። መኪናው ለግንቦት ይሁንልን። ያቺን ድንጋይ በትክክለኛው ወር ልናያት ይገባል።